ፈጣንና ስስ ጥሩር ያለው የውጊያ ሜክ፦ የንድፍ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ለሳይንሳዊ ልብወለድ፣ ለቪዲዮ ጌም ወይም ለኮሚክ ፈጣን ሜክ (ሰው ውስጡ ተቀምጦ የሚነዳው ባለ ሁለት እግር የጦር ማሽን) ሲነደፍ ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሥዕሉ አይደለም። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። አንባቢ ተቀምጦ ባያሰላም ክብደት የሌለውን ነገር ዓይኑ ይለየዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሠራው በአንድ ምሳሌ ነው፦ ክብደት 12 ቶን፣ ቁመት 6 ሜትር፣ ወርድ 2.5 ሜትር፣ ከዳሌ እስከ መሬት 4 ሜትር እግር። የእርስዎ ሜክ ከዚህ ከተለየ ስሌቱን በራስዎ ቁጥር ይድገሙት።

ምልክት፦ «ቀላል» ተብሎ ተነደፈ፤ ሲደመር ግን 20 ቶን መጣ

ጥሩሩ (የመከላከያ ልባሱ) መላ አካሉን እኩል ሸፍኗል ማለት ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ 1 ካሬ ሜትር ብረት 78.5 ኪሎ ይመዝናል። የምሳሌያችን ሜክ የውጭ ገጽ 45 ካሬ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ ዙሪያውን 10 ሚሊሜትር ብረት ማልበስ 3.5 ቶን፣ 25 ሚሊሜትር ማልበስ ደግሞ 8.8 ቶን ይፈጃል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ጥሩሩ ሲከብድ እግሩ መወፈር አለበት፤ እግሩ ሲወፍር ሞተሩ ይተልቃል፤ ሞተሩ ሲተልቅ የሚሸፈነው ቦታ ይሰፋል።

መፍትሄው ከሥዕሉ በፊት ክብደቱን መደልደል ነው፦

- እግርና አጽም 4.2 ቶን
- ሞተርና ኃይል ማስተላለፊያ 2.4 ቶን
- ጥሩር 1.8 ቶን
- መሣሪያና ጥይት 1.4 ቶን
- ነዳጅና ማቀዝቀዣ 1.2 ቶን
- የነጂ ክፍል፣ ካሜራና ሬዲዮ 1 ቶን

1.8 ቶኑ ጥሩር እንዲህ ይከፋፈል፦ በነጂው ዙሪያ 5 ካሬ ሜትር ባለ 25 ሚሊሜትር ብረት (980 ኪሎ)፣ በሞተሩ ፊትና በዳሌው መገጣጠሚያ 4 ካሬ ሜትር ባለ 12 ሚሊሜትር ብረት (377 ኪሎ)፣ በ27 ካሬ ሜትር ላይ ደግሞ ባለ 6 ሚሊሜትር አሉሚኒየም (437 ኪሎ)። ቀሪው 9 ካሬ ሜትር፣ በተለይ ከጉልበት በታች ያለው፣ ራቁቱን ይቅር። የአሜሪካው ኤ-10 አውሮፕላንም በዚሁ መንገድ ነው የተሠራው፤ አብራሪው የሚቀመጠው 540 ኪሎ ያህል በሚመዝን የታይታኒየም ገንዳ ውስጥ ሲሆን ሌላው አካሉ ያን ያህል ጥበቃ የለውም።

የጥሩሩ ዓላማ የጠመንጃና የቀላል መትረየስ ጥይትን እንዲሁም የመድፍ ፍንጣሪን ማቆም ብቻ ይሁን። በኔቶ የመከላከያ መለኪያ፣ ማለትም በስታናግ 4569፣ ደረጃ 4 ማለት ከ200 ሜትር የተተኮሰ የ14.5 ሚሊሜትር ብረት በሺ ጥይትን መቋቋም ነው። ቀላል ሜክ እዚያ ደረጃ ልድረስ ካለ ቀላልነቱን ያጣል።

ምልክት፦ ቁጥሩ ፈጣን ነው፤ ሩጫው ግን የአሻንጉሊት ይመስላል

እግሩ ከመጠን በላይ ቶሎ ቶሎ ይወዛወዛል። የሁለት ተመሳሳይ ሯጮች እግር በርዝመት ሲለያይ ፍጥነታቸው የሚያድገው በርዝመቱ ልክ ሳይሆን በርዝመቱ ካሬ ሥር ነው። ዩሴን ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲገባ 41 እርምጃ ያህል ረግጧል፤ በሰከንድ ከ4 እርምጃ ትንሽ በላይ መሆኑ ነው። እግሩን 1 ሜትር ብለን በ4 ብናሳድገው የእርምጃው ርዝመት 4 እጥፍ ይሆናል፣ የእርምጃው ብዛት በግማሽ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሜኩ በአንድ እርምጃ 10 ሜትር ገደማ፣ በሰከንድ 2 እርምጃ፣ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር (በሰከንድ 21 ሜትር) ይሮጣል። ይህን እንደ ጣሪያ ይያዙት። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ይሩጥ ከተባለ ወይ እግሩ ላይ ጎማ ይግባ፣ ወይ ሮኬት ይጨመርለት፣ ወይ ዓለሙ ያንን የሚያስችል ሌላ ሕግ ይኑረው።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሩጫው አሁንም ከከበደ ቁርጭምጭሚቱን ይመልከቱ። 200 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ከዳሌው 3.5 ሜትር ርቆ ሲቀመጥ፣ ከዳሌው ግማሽ ሜትር ላይ ከተቀመጠበት ጊዜ ይልቅ እግሩን ማወዛወዝ 49 እጥፍ ይከብዳል፤ ርቀቱ በካሬ ነው የሚቆጠረው። ሰጎን በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሮጠው ጡንቻዋ ጭኗና ዳሌዋ ላይ ተከማችቶ፣ ከታች ቀጭን አጥንትና ረጅም ጅማት ብቻ ስላላት ነው። ሞተሮቹን ሁሉ ወደ ዳሌ ያውጡ፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በዘንግ ወይም በኬብል ይሳቡ፤ ቅልጥሙን ያቅጥኑት። እግሩ ከላይ ወፍራም፣ ከታች ሾጣጣ ሆኖ ሲሣል ፍጥነቱ ያለ ገለጻ ይታያል።

ምልክት፦ ሲታጠፍ የሚንሳፈፍ ይመስላል

መሬትን የሚይዘው ሰበቃ ብቻ መሆኑ ተረስቷል። በደረቅ መሬት የሰበቃው መጠን 0.5 ነው ቢባል፣ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሊታጠፍ የሚችለው ቢያንስ 90 ሜትር ራዲየስ ባለው ቅስት ነው። ያኔም ገላው ወደ ውስጥ 27 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት። ለመቆም 45 ሜትር ይፈልጋል። ራዲየሱ 8 ሜትር በሆነ የመንገድ ጥግ ለመታጠፍ ፍጥነቱን በሰዓት ወደ 22 ኪሎ ሜትር ማውረድ ይኖርበታል። ከተማ ውስጥ የሚዋጋ ሜክ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነት ሲቀንስ ይታይ። ጥፍር ጨምሮ አስፋልት የሚቧጥጥ ከሆነ ሰበቃውን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ በጭቃ ላይ ግን ከ0.3 አይለፍ።

ምልክት፦ «ፍጥነቱ ነው ጥሩሩ» ተባለ፤ ለምን እንደማይመታ ግን ማሳየት አልተቻለም

የዚህ ዓይነት ሜክ የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ቀጥ ብሎ የሚሮጥ ዒላማ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትርም ሆነ 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ለዒላማ ኮምፒውተር ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ፍጥነቱን ለክቶ ከፊቱ ቀድሞ ይተኩሳል። ሜኩን የሚያድነው ጥይቱ አየር ላይ እያለ አቅጣጫ መቀየሩ ነው።

ጥይቱ በሰከንድ 1,000 ሜትር ይበራል እንበል። ሜኩ ወደ ጎን በመሬት ስበት ግማሽ ሽምጠት ቢገፋ፣ ከ500 ሜትር ለተተኮሰበት በግማሽ ሰከንድ ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ፈቀቅ ይላል። ወርዱ 2.5 ሜትር ስለሆነ ይመታል። ከ1,000 ሜትር ሲሆን 2.4 ሜትር፣ ከ2,000 ሜትር ሲሆን ወደ 10 ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ቀላል ሜክ ከ1 ኪሎ ሜትር ወዲህ ገላጣ ሜዳ ላይ ከታየ መመታት አለበት። ብዙ ንድፎች የሚስቱት ይህንን ነው፤ ሜኩን ለውበት ብለው ጠላት አፍንጫ ሥር ያመጡታል።

ሌላም አለ። በሙሉ ሩጫ ጊዜ ከእያንዳንዱ ግማሽ ሰከንድ እርምጃ እግሩ መሬት የሚነካው ለ0.2 ሰከንድ ያህል ነው። በቀሪው 0.3 ሰከንድ አየር ላይ ስለሆነ እንደ ተወረወረ ድንጋይ አቅጣጫው የታወቀ ነው። ጥሩ ተኳሽ እግሩ ከመሬት በተላቀቀባት ቅጽበት ቃታውን ይስባል። መልሱ ተኩስ ሲበዛ እርምጃውን ማሳጠር ነው፦ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር፣ በሰከንድ 3 እርምጃ፣ ጉልበት ጎንበስ ብሎ። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አቅጣጫ የመቀየር ዕድሉ ግን ይበዛል። ነጂው ይህን አውቆ ሲያደርግ ማሳየት ከማንኛውም የፍጥነት ቁጥር በላይ ያሳምናል። የሚመራ ሚሳይል ሲመጣ ግን መሸሽ ብቻውን አይበቃም፤ ጭስ፣ ማታለያ ነበልባልና መከለያ ጉብታ ያስፈልጋሉ።

ታሪክም ማስረጃ ይሰጣል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባትል ክሩዘር የሚባሉትን መርከቦች የሠራው ደካማ መርከቦችን እንዲያሳድዱና ከሚበልጣቸው ጠላት በፍጥነት እንዲያመልጡ ነበር። ግንቦት 31 ቀን 1916 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በጄትላንድ ጦርነት ከጀርመን መሰሎቻቸው ጋር ተሰልፈው ሲዋጉ ሦስቱ ፈንድተው ሰመጡ። ስስ ጥሩራቸው ብቻ ሳይሆን አደገኛው የባሩድ አያያዛቸውም ነበር ምክንያቱ። ከዚህ ሁለት ነገር ይውሰዱ፦ ሜኩ ለቅኝት፣ ለጎን ጥቃትና ለማሳደድ ይመደብ እንጂ በሰልፍ አይቁም፤ ጥይቱም ከነጂው ክፍል በግድግዳ ተለይቶ፣ ሲፈነዳ ወደ ውጭ የሚበረገድ ክዳን ባለው ሳጥን ይቀመጥ።

ምልክት፦ አንድ ጊዜ ሲተኩስ ራሱ ይወድቃል

መድፉ በዝቶበታል። 8 ኪሎ የሚመዝን የታንክ ጥይት በሰከንድ 1,650 ሜትር ሲወጣ፣ የባሩዱን ጋዝ ሳንቆጥር እንኳ 12 ቶኑን ሜክ በሰከንድ 1.1 ሜትር ወደ ኋላ ይገፋዋል። የእግሩ መርገጫ 1.2 ሜትር ርዝመት፣ የክብደቱ ማዕከል 3.2 ሜትር ከፍታ ካላቸው ተረከዙ ላይ ተገልብጦ ለመውደቅ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በምትኩ 30 ሚሊሜትር መድፍ ይጠቀሙ፤ 0.4 ኪሎ ጥይት፣ በሰከንድ 10 ተኩስ፣ ርግጫው ወደ 400 ኪሎ ግፊት ነው። ከትከሻ ጫፍ አውርደው ወደ መሃል ያስጠጉት፤ ከጎን ከሆነ በእያንዳንዱ ተኩስ ገላውን ያጣምመዋል። ትልቅ ነገር መምታት ግዴታ ከሆነ ርግጫ አልባ ሮኬት ይሻላል።

ምልክት፦ ለስላሳ መሬት ላይ መሄዱ አያሳምንም

መርገጫው 1 ካሬ ሜትር ከሆነ በአንድ እግር ቆሞ 118 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ)፣ ሲሮጥ ወደ 300 ይጫናል። ለስላሳ ሸክላ አፈር 75 እንኳ አይችልም። ተዘርግቶ 2 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ጣት መርገጫ ይስጡትና እዚያ ላይ ሳይሮጥ በዝግታ ይራመድ፣ አለዚያም ረግረግን በካርታው ላይ የተከለከለ ቦታ ያድርጉት።

ምልክት፦ ነጂው በሙሉ ሩጫ ረጋ ብሎ ያወራል

የነጂው ክፍል በእያንዳንዱ እርምጃ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ ካለ፣ በሰከንድ 2 ጊዜ የሚመላለስ 2.4 ጂ (የመሬት ስበትን 2.4 እጥፍ) ምት ይደርስበታል። ወንበሩ 20 ሴንቲ ሜትር በሚንቀሳቀስ ሞላ ላይ ይንጠልጠልና መወዛወዙ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይውረድ፤ ያኔ 0.8 ጂ ይሆናል። ንግግሩም አጭርና የተቆራረጠ ይሁን።

ምልክት፦ ነዳጁ አያልቅም

በሙሉ ሩጫ 1,680 ፈረስ ጉልበት ያህል ይፈልጋል፤ ክብደቱን ወደፊት ለማስኬድ የክብደቱን ግማሽ የሚያህል ግፊት ይወስዳል በሚል ግምት። የሞተሩ ብቃት 35 በመቶ ከሆነ በሰዓት 350 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል፣ 2,300 ኪሎዋት ሙቀትም ይተፋል። 700 ሊትር ቢይዝ 2 ሰዓት ነው፣ 150 ኪሎ ሜትር። ከሩጫ በኋላ በሙቀት ካሜራ ከሩቅ ስለሚታይ አድፍጦ ከመቀመጡ በፊት የሚቀዘቅዝበት ጊዜ በዕቅዱ ይግባ።

ምልክት፦ ተደናቅፎ ወድቆ ወዲያው ይነሳል

ነጂው 4.5 ሜትር ላይ ከተቀመጠ መሬት የሚደርሰው በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሩጫው ፍጥነት ሳይጨመር። የሚያቆመው ነገር 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ 45 ጂ ይደርስበታል፤ ግማሽ ሜትር ከሆነ 9 ጂ። በነጂው ክፍል ፊት ግማሽ ሜትር የሚጨማደድ የአሉሚኒየም ቀፎ፣ ባለ አምስት ነጥብ ቀበቶና ከወደቀ በኋላ የሚገፉ ሁለት አጫጭር ክንዶች ያስገቡ። ቀፎው አንዴ ከተጨማደደ እስኪቀየር ድረስ ሜኩ ከግማሽ ፍጥነት በላይ አይሩጥ።