የሜኒስከስ መቀደድን በእጅ ስትመረምሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሜኒስከስ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ልስልስ የጉልበት ክፍል ነው። ሲቀደድ በእጅ የምትመረምሩ ከሆነ ከታመመው ጉልበት አትጀምሩ። ጤነኛውን ቀድማችሁ ካላያችሁ ማነጻጸሪያ አይኖራችሁም፤ ታካሚውም ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም።

በተዘረጋ ጉልበት ላይ የመገጣጠሚያውን መስመር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛ፤ ጉልበቱን 90 ዲግሪ ያህል ይጠፍ። አውራ ጣታችሁን ከጉልበቱ ሎሚ በታች ካለው ጅማት ጎን ባለው ስርጉድ ቦታ አሳርፉ፤ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ያለውን ክፍተት እየተከተላችሁ እስከ ኋላ ሂዱ። ብዙዎች ግማሽ መንገድ ላይ ያቆማሉ፤ ቅዳቱ ግን የሚበዛው ከኋላ በኩል ነው። ሕመሙ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከተዘረጋ የጎን ጅማቱንም ጠርጥሩ።

አሁን ጉልበቱን አጥፎና እግሩን አዙሮ እየዘረጉ ወደሚደረገው ምርመራ፣ ወደ ማክመሪ እንምጣ፤ ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ይኸኛው ነው። እግሩን ይዞ እንደ ፔዳል ማሽከርከር ማክመሪ አይደለም! ጉልበቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው መታጠፍ አለበት፤ እዚያ ካልደረሰ የሜኒስከሱ የኋላ ክፍል አልተፈተነም። አንድ እጃችሁ ተረከዙን ይያዝ፤ የሌላው ጣቶች የመገጣጠሚያው መስመር ላይ ይረፉ። የውስጠኛውን ሜኒስከስ ለመፈተን እግሩን ወደ ውጭ፣ የውጭኛውን ለመፈተን ወደ ውስጥ አዙሩና በዝግታ ዘርጉ። የምትፈልጉት ከሕመም ጋር ከጣታችሁ ሥር የሚሰማ ቋታ («ቋ» የማለት ስሜት) ነው። ሕመም የሌለው ቋታ በጤነኛ ጉልበትም ይሰማል፤ እሱን ይዞ «ተቀድዷል» ማለት ታካሚን ያለ ምክንያት ማስፈራራት ነው። ምንም አልተሰማም ማለትም አልተቀደደም ማለት አይደለም፤ ምርመራው ብዙ ቅዳት ያመልጠዋል።

ያበጠና በሕመም የማይታጠፍ ጉልበት ላይ ማክመሪን በግድ አትሥሩ። እብጠቱ ጋብ ሲል ድገሙት።

መቼ እንዳበጠ መጠየቅ አትርሱ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካበጠ መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ሊኖር ስለሚችል የፊት መስቀለኛ ጅማትና ስብራት ይታሰቡ። የሜኒስከስ እብጠት ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ፣ በማግስቱ ይመጣል።

ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ጉልበትን እየተጫኑ ለማቃናት መሞከር አደገኛ ነው። የተቀደደው ቁራጭ ተገልብጦ መሃል ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ወደ አጥንት ሐኪም በቶሎ ላኩ።

ዳሌንም አንቀሳቅሱ፤ የዳሌ በሽታ ጉልበት ላይ ብቻ ሊያም ይችላል፣ በተለይ በልጆች።

ኤምአርአይ ላይ «ቅዳት» የሚል ጽሑፍ ስላያችሁም የእጃችሁን ምርመራ አትጣሉ፤ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ዘንድ ምንም የማያም ቅዳት የተለመደ ነው።