እቤት የሠራነው አምፕሊፋየር ሲያስቸግር፦ አይሲ ከመቀየር በፊት

እኔ ጋ ምክር ፍለጋ የሚመጣ እቤት የተሠራ አምፕሊፋየር ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። አይሲው፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ፣ ሁለት ሦስቴ ተቀይሯል። ቮልቱ ግን አንዴም አልተለካም። ልጁ እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወርዶ አዲስ አይሲ ይገዛል፣ ይበይዳል፣ ያቃጥላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። «አቦ፣ ይሄ አይሲ ፎርጅድ ነው» ይለኛል። ፎርጅድ አይሲ እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን ሦስቱም በተመሳሳይ መንገድ ከተቃጠሉ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ገንዘቡ ይተካል። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን አልጋ ሥር ሲወረውረው ነው።

ምሳሌ የማደርገው ቲዲኤ 2030 የሚባለውን አይሲ ነው፤ ብዙዎቻችን የጀመርነው በእሱ ነው። አምስት እግር አለው። 1ኛው ድምፅ መግቢያ፣ 2ኛው የፊድባክ (ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱ የሚመለስበት)፣ 3ኛው ማይነስ፣ 4ኛው ወደ ስፒከር የሚወጣው፣ 5ኛው ፕላስ ነው። ትራንስፎርመሩ 12-0-12 ከሆነ (ከመሃል ሽቦው ወዲያና ወዲህ 12 ቮልት)፣ ከብሪጁ (ኤሲውን ዲሲ ከሚያደርጉት አራት ዳዮዶች) እና ከካፓሲተሮቹ በኋላ ፕላስና ማይነስ 16 ቮልት ገደማ ታገኛላችሁ። የእናንተ አይሲ ሌላ ቢሆን ቁጥሩ ይለያያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር አዘጋጁ። አንዱ መልቲሜትር ነው፣ ርካሹም ይበቃል። ሌላው የድሮው ዓይነት ክር ያለው የ60 ዋት አምፖል ነው። ኤልኢዲ አይሆንም። ወደ ትራንስፎርመሩ ከሚገቡት ሁለት የ220 ሽቦዎች አንዱን ቆርጣችሁ አምፖሉን መሃል አስገቡት። ስፒከር ሳትሰኩ አብሩ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ብልጭታው ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ የሚመጣ ነው። ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ። ጉልበቱን አምፖሉ ስለሚይዘው ግን አይሲው ይተርፋል። የ220 መስመሩን እጅ እንዳይነካው ሸፍኑት። ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ ከሶኬት ንቀሉና ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸውን በመልቲሜትር አረጋግጡ።

ፊውዝ ይበጥሳል፣ ወይም አምፖሉ ደምቆ ይቀራል

ትራንስፎርመሩን ከብሪጁ ለዩና ለብቻው አብሩት። አሁንም አምፖሉ ከደመቀ ትራንስፎርመሩ ሄዷል። ካልደመቀ ነቅላችሁ ብሪጁን በዳዮድ መለኪያ ፈትሹ። ደህና ዳዮድ በአንድ በኩል ከ0.5 እስከ 0.7 ያሳያል፣ በሌላው ምንም። በሁለቱም በኩል ዜሮ ካለ ተቃጥሏል። ተገልብጦ የገባ ካፓሲተርም ይኸንኑ ያደርጋል።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ሾርቱ ካለ፣ የአይሲውን ጀርባ እዩ። የቲዲኤ 2030 ጀርባ ያለው ብረት ከውስጥ ከ3ኛው እግር ጋር የተገናኘ ነው። ማለትም ብረቱ ላይ ማይነስ 16 ቮልት አለ። ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ባለ ክንፍ ብረት) ላይ እንዲሁ ካሰራችሁት፣ ሂትሲንኩም የቆርቆሮ ሳጥኑን ከነካ፣ ሳጥኑም ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ከሆነ፣ ማይነሱን ከግራውንድ ጋር አገናኛችሁት ማለት ነው። መፍትሄው ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ልጣጭ) ነው፣ ለብሎኑም የፕላስቲክ ቀለበት። ብዙ ሰው ማይካውን ያስገባና ቀለበቱን ይረሳል። ያኔ ብሎኑ ራሱ ያገናኘዋል። አስራችሁ ስትጨርሱ መልቲሜትሩን ሲገናኝ ጢጥ የሚለው መለኪያ ላይ አድርጉና አንዱን ሽቦ የአይሲው ብረት ላይ፣ ሌላውን ሂትሲንኩ ላይ አድርጉ። ጢጥ ካለ እንደገና ፍቱት።

ሲበራ ስፒከሩ «ዱብ» ብሎ ወደ ውጭ ተገፍቶ ይቀራል

ቶሎ አጥፉ። ስፒከሩ ላይ ዲሲ እየሄደ ነው፣ ጥቅሉ በደቂቃ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ስፒከሩን አንሱና ከ4ኛው እግር እስከ ግራውንድ ያለውን ዲሲ ለኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ሙሉ 15 ወይም 16 ቮልት ካሳየ አይሲውን ከመወንጀል በፊት ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛ፣ ከ1ኛው እግር ወደ ግራውንድ የሚወርደው 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በትክክል ተበይዷል ወይ? እሱ ከሌለ መግቢያው ማረፊያ አጥቶ ውጤቱ ወደ አንዱ ጫፍ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ከ4ኛው ወደ 2ኛው እግር የሚመለሰው የፊድባክ ሬዚስተር ተቋርጦ እንደሆነ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ አዎ፣ አይሲው ሞቷል።

ቁጥሩ መሃል ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ 0.3 ወይም 0.5 ቮልት፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከ2ኛው እግር ወደ ግራውንድ ከሚወርደው 680 ኦም ሬዚስተር ጋር ያለውን 22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው። ከተገለበጠ ወይም ዲሲ ካሳለፈ፣ ድምፁን ብቻ 33 ጊዜ ማጉላት የነበረበት ሰርኪዩት ዲሲውንም አብሮ ያጎላዋል።

እምምም ይላል

ይሄ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስመርር ነው። ደስ የሚለው በጆሮና በአንድ ቁራጭ ሽቦ ብቻ ምንጩን ማግኘት ይቻላል።

ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉ። እምምታው ያው ከሆነ ከፓወር ሰፕላይ ወይም ከግራውንድ አሠራር ነው። ከቮልዩሙ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ከመግቢያው በኩል ነው። ቀጥሎ የድምፁን ዓይነት ስሙ። ስልካችሁ ላይ ቶን የሚያወጣ አፕ ጫኑና በኢርፎን 50 ኸርዝ፣ ከዚያ 100 ኸርዝ አዳምጡ። አምፑ ላይ የምትሰሙት 50ውን ከመሰለ የትራንስፎርመሩ መስክ ወይም ያልተሸፈነ የመግቢያ ሽቦ ነው። 100ውን ከመሰለ፣ ሸካራም ከሆነ፣ ከብሪጁ በኋላ ያለው ነው።

ለ100ው የካፓሲተሩ መጠን አንዱ ምክንያት ነው። 1 አምፒር ሲሳብ 2200 ማይክሮፋራድ ላይ ቮልቱ በግምት 4.5 ቮልት ይዋዥቃል። 4700 ላይ 2 ቮልት ገደማ ይሆናል። ዝም ብሎ ሳለ ጭምር የሚያጉረመርም ከሆነ ግን ካፓሲተር መጨመር ብዙም አይጠቅምም። ግራውንዱን እዩ። እኔ ደጋግሜ የማገኘው ስህተት የመግቢያው ግራውንድ የትራንስፎርመሩ መሃል ሽቦ ላይ ተደርቦ መበየዱን ነው። ትራንስፎርመሩ ካፓሲተሮቹን ሲሞላ በዚያች ሽቦ ከባድ ከረንት ያልፋል፣ አይሲው ደግሞ ያንን እንደ ሙዚቃ ያጎላዋል። ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች የሚገናኙበትን ነጥብ መሰብሰቢያ አድርጉት። የትራንስፎርመሩ መሃል ሽቦ፣ የስፒከሩ ግራውንድ፣ የመግቢያው ግራውንድ፣ የሳጥኑ ግራውንድ፣ እያንዳንዱ በራሱ ሽቦ እዚያ ይምጣ። አንዱ በሌላው ጀርባ አይታዘል።

የመግቢያው ከሆነ ሺልድ (ዙሪያውን የሚሸፍን የሽቦ መረብ) ያለው ሽቦ አድርጉ፣ ትራንስፎርመሩንም አርቁት። አጥፍታችሁ ሩብ ዙር አዙሩና እንደገና ስሙት፤ ሲዞር ብቻ የጠፋ እምምታ አይቻለሁ። ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ የሚያጫውት ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ። ጸጥ ካለ ተገኘ። የብሉቱዝ ቦርድ ከዚያው ትራንስፎርመር መብራት ሲያገኝ «ጪጪጪ» የሚለውም የግራውንድ ነገር ነው። ለቦርዱ ግራውንዱን የሚለይ ትንሽ ዲሲ ወደ ዲሲ ሞጁል አድርጉለት።

ጥሩ ይጫወትና በ20 ደቂቃ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ይመለሳል

ይሄ የድሬ በሽታ ነው፣ ከራሴው አምፕ ነው የተማርኩት። ሳቢያን ሰፈር ቤታችን ከሰዓት በኋላ ሰው ሰብሰብ ሲል ይጀምራል፣ ትንሽ ቆይቶ ጭጭ። አይሲ ቀየርኩ፣ ያው ሆነ። አንድ ቀን ዕቃውን ደንገጎን አሻግሬ ሐረር እህቴ ቤት ወሰድኩት። ከምሳ እስከ ሌሊት አንዴም ሳይቋረጥ ተጫወተ። ስመልሰው ድሬ ላይ ደግሞ ዝም አለ። ያኔ ነው ጣቴን ሂትሲንኩ ላይ ያሳረፍኩት። ሁለት ሰከንድ አላስቆመኝም።

ቲዲኤ 2030 ውስጡ 150 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ሒሳቡ ይኸው። በ16 ቮልትና በ4 ኦም ስፒከር፣ በከፋው ሰዓት፣ አይሲው 13 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። ከውስጡ እስከ ጀርባው ለያንዳንዱ ዋት 3 ዲግሪ ይጨምራል፣ ማይካው ከነፔስቱ (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) 1 ገደማ። ድምሩ 52 ዲግሪ። የእኔ ሂትሲንክ በዋት 4.5 ዲግሪ ያህል ይሞቅ ነበር፣ 58 ዲግሪ ማለት ነው። ድሬ ክፍሉ 35 ዲግሪ ቢሆን፣ ሳጥኑ ውስጥም 45 ቢደርስ፣ ድምሩ 155 ነው። ያጠፋል። ሐረር ሳጥኑ ውስጥ 34 ቢሆን ድምሩ 144 ነው። ይጫወታል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። ልዩነቱ 11 ዲግሪ ብቻ ነበር።

ለማረጋገጥ፣ ዝም ሲል አታጥፉት። ፕላሱና ማይነሱ መኖራቸውን ለኩ። ካሉ፣ የቡናውን ከሰል የምናራግብበትን ማርገብገቢያ አንሱና ሂትሲንኩን አራግቡት። በሁለት ደቂቃ ከተመለሰ ሙቀት ነው፣ አይሲው ጤነኛ ነው።

መፍትሄው በዋት 2.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች የሚሞቅ ሂትሲንክ ነው፤ በዚያው ሒሳብ ድሬ ላይ ወደ 130 ይወርዳል። ክንፎቹ ወደ ላይ ቆመው ከሳጥኑ ውጭ ይሁኑ። ሳጥኑን ከታችም ከላይም ብሱት፣ ከላይ ብቻ ከሆነ አየሩ አይዞርም። ፔስቱን በስሱ ቀቡ፣ በወፍራሙ ሲሆን ራሱ ሙቀት ያግዳል። አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። ለሠርግ ሲሆን ሁለት 4 ኦም ስፒከር አንድ ላይ አትደርቡበት። 2 ኦም ይሆናል፣ ሙቀቱም እጥፍ ነው።

ሙዚቃ ሳይኖር ይግላል፣ ድምፁም ይሻክራል

እዚህ ጋ አይሲው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ በራሱ እያወጣ ነው፣ ኦስሌሽን ይሉታል። ኦሲሎስኮፕ ከሌለን እንዲህ እንለካለን። በፕላሱ መስመር መሃል 10 ኦም ሬዚስተር አስገቡ፣ ስፒከርና ሙዚቃ ሳይኖር አብሩና ሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልት ለኩ። 0.4 ቮልት ማለት 40 ሚሊአምፒር ነው፣ ጤነኛ ነው። እስከ 0.6 ይፈቀዳል። 1 ቮልትና ከዚያ በላይ ካያችሁ፣ ዲሲውም ደህና ከሆነ፣ ኦስሌሽን ነው። 100 ናኖፋራድ ካፓሲተሮቹን ከ3ኛውና ከ5ኛው እግር ሥር፣ እግራቸውን አሳጥራችሁ በይዱ። ከስፒከሩ ጋር ትይዩ የሚሆኑትን 1 ኦምና 0.22 ማይክሮፋራድ «አያስፈልጉም» ብሎ የተዋቸው ብዙ ነው። ያስፈልጋሉ። የማጉላቱንም መጠን ከ24 ዲቢ (16 ጊዜ ገደማ) በታች አታውርዱት፣ ይሄ አይሲ ከዚያ በታች አይረጋም።

አይሲው በየጊዜው ያለምክንያት ይሞታል

ምክንያት አለው። ያለ ጭነት ፕላሱንና ማይነሱን ለኩ። ትንሽ ትራንስፎርመር ሳይጫን 12 ብሎ 14 ሊሰጥ ይችላል፣ ያ ደግሞ 19 ቮልት ይሆናል። ተራው 2030 ከ18 በላይ አይችልም። «ኤ» ያለው 2030ኤ እስከ 22 ይችላል። ወይ እሱን ግዙ፣ ወይ ትራንስፎርመሩን ዝቅ አድርጉ።

ጉልበት የለውም

በወሬ ሳይሆን በልኬት እንነጋገር። ከተበላሸ የ1000 ዋት ምድጃ ሽቦውን አውጡ። ሙሉው 48 ኦም ገደማ ነው፣ አንድ ስድስተኛው 8 ኦም። ሁለት እንዲህ ያሉ ቁራጮች ጎን ለጎን 4 ኦም ይሰጣሉ። ይሄ ሽቦ ሊድ አይቀበልም፣ በብሎን እሰሩት። ጎረቤትም አይረበሽ፣ ስፒከርም አይቃጠል። ከስልክ 200 ኸርዝ ላኩ፣ ቮልዩሙን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ኤሲ ቮልቱን ለኩ። ማደጉን ያቆመበት ቦታ ጣሪያው ነው። 7.5 ቮልት ከሆነ፣ 7.5 በ7.5 ሲባዛ 56፣ ለ4 ሲካፈል 14 ዋት። ለዚህ አይሲ ጥሩ ውጤት ነው። 4 ወይም 5 ቮልት ላይ ከቆመ በዚያው ሰዓት ፕላስና ማይነሱን ለኩ። ወደ 9 እና 10 ከወረዱ ትራንስፎርመሩ ትንሽ ነው። ሳይወርዱ ከቀሩ፣ አሁን አይሲው ፎርጅድ ነው ማለት ትችላላችሁ።

ቮልዩሙ ሲዞር ይንኮሻኮሻል

አቧራ ነው፣ ድሬ የማይቀር። የኮንታክት ስፕሬይ ነፍታችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዙሩት። ታጥቦ በሳምንቱ ከተመለሰ ግን የቮልዩሙን መሃል እግር በዲሲ ለኩ። ጥቂት ሚሊቮልት እንኳ ካለ ጥፋቱ የቮልዩሙ አይደለም፣ ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ዲሲ እያሳለፈ ነው። እሱን ቀይሩት።