ከዋጋው ላይ የታይታውን ድርሻ እንዴት ያወጣሉ?

በምዕራቡ ዓለም ውድ ዕቃ የሚገዛ ሰው በአንድ ደረሰኝ ሁለት ነገር ይከፍላል፤ አንዱ ዕቃው ለሚሰጠው አገልግሎት፣ ሌላው ለሰው ዓይን። ለሰው ዓይን መክፈል ነውር የለውም፤ ስንት እንደከፈሉ አለማወቅ ግን ያከስራል። ያንኑ አገልግሎት እኩል የሚሰጥ ርካሽ ዕቃ ይፈልጉና ዋጋውን ከውዱ ላይ ይቀንሱ። የሚተርፈው የታይታው ነው።

ለመለማመጃ የእጅ ሰዓት ይመቻል። የስዊዝ ክሮኖሜትር (የትክክለኛነት) ማረጋገጫ ያገኘ ሜካኒካል፣ ማለትም ያለ ባትሪ በተጠቀለለ ሞላ የሚሠራ ሰዓት በአማካይ በቀን 4 ሰከንድ ወደ ኋላ ቢቀር ወይም 6 ሰከንድ ቢቀድም ፈተናውን ያልፋል። ተራ ባለ ባትሪ ኳርትዝ ግን ቢያዛንፍ በወር 15 ሰከንድ ገደማ ነው። የጃፓኑ ሰዓት ሠሪ ሴኮ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ገበያ ላይ ካዋለ ወዲህ፣ ሰዓት በትክክል ለማወቅ ብሎ ሜካኒካል መግዛት ትርጉም አጥቷል። ሜካኒካሉ በየጥቂት ዓመቱ ተፈትቶ መታጠብና ዘይት መቀባት ስለሚፈልግ የዚያንም ወጪ ይደምሩ።

ቦርሳ ላይ ሒሳቡ ይከብዳል፤ ትርፉ ሁሉ ታይታ አይደለምና። ቢርኪን የተባለው የፈረንሳዩ ኤርሜስ ኩባንያ ውድ የቆዳ ቦርሳ በእጅ ነው የሚሰፋው፤ የአንድ ክር ሁለት ጫፎች በሁለት መርፌ ተይዘው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ሌላው ጫፍ ስፌቱን ይይዛል። የማሽን ስፌት ግን የላይና የታች ክር እርስ በርስ ተቆላልፎ የሚሠራ ስለሆነ አንድ ቦታ ሲበጠስ ወደ ጎን ይተረተራል። ስለዚህ ቢርኪንን ከፕላስቲክ ቦርሳ ጋር አያነጻጽሩ። ተመሳሳይ ቆዳ በዚሁ ስፌት የሚሠራ፣ ስሙ ያልታወቀ ባለሙያ ስንት እንደሚጠይቅ ይወቁና ከዚያ ይቀንሱ።

አሜሪካ ውስጥ መኪና በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ በየወሩ እየተከፈለበት በመጨረሻ በሚመለስበት ውል ሲወሰድ ታይታው የሚደበቀው በወርኃዊው ክፍያ ውስጥ ነው። ሻጩ ወርኃዊውን ብቻ ቢነግርዎ ሦስት ቁጥሮች ይጠይቁት፦ የስምምነት ዋጋ፣ በውሉ ማብቂያ የሚኖረው ቀሪ ዋጋ፣ እና መኒ ፋክተር (ወርኃዊው ወለድ የሚሰላበት ቁጥር)። ለምሳሌ ዋጋው 60,000 ዶላር፣ ቀሪው 34,800፣ ውሉ 36 ወር፣ መኒ ፋክተሩ 0.0025 ይሁን። መኪናው በውሉ ጊዜ ከዋጋው የሚያጣው 25,200 ለ36 ሲካፈል በወር 700 ይሆናል። ለወለዱ ዋጋውንና ቀሪውን ደምረው በመኒ ፋክተሩ ያባዙ፤ 237 ይመጣል። ድምሩ ታክስን ሳይጨምር 937 ነው። (መኒ ፋክተርን በ2,400 ቢያባዙ የዓመት ወለዱን ያገኛሉ፤ እዚህ 6 በመቶ ነው። ቁጥሩ ኢምንት መስሎ እንዲታይ ተደርጎ መጻፉ ለሻጭ ይመቻል።) 30,000 ዶላር የሚያወጣ፣ ቀሪ ዋጋው 18,000 የሆነ መኪና በዚያው ውል 453 ገደማ ይሆናል። የ484ቱ ልዩነት በ36 ወር ከ17,400 ዶላር ይበልጣል፤ መኪናው ደግሞ ተመላሽ ነው።

ድርሻውን ካወጡ በኋላ ማን እንዲያይልዎ እንደሚከፍሉ ይወስኑ። በበርካታ የቅንጦት ምርቶች ላይ አርማው የሚገዝፈው በረከስ ባለው ዕቃ ላይ ነው፤ እጅግ ውዱ ዝም ይላል፣ የሚያውቀው ብቻ በስፌቱና በቅርጹ ይለየዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ትልቅ አርማ ገዝተው አርማ በሚናቅበት ክበብ ይቀርባሉ፣ ወይም ዝምተኛውን ገዝተው ማንም ሳያያቸው ይቀራል።

በመጨረሻ ዕቃው የሚጎትተውን ሌላ ወጪ ይጻፉ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲዴሮ አዲስ ቀይ ካባ ባገኘ ጊዜ የቀረው ዕቃው ሁሉ አጠገቡ አርጅቶ ታየው፤ የሣር ወንበሩ ሳይቀር በቆዳ ወንበር ተተካ። ካባ ከመግዛትዎ በፊት የወንበሩንም ዋጋ ይጠይቁ።