ከዕፅዋት ማዕከል ስብስብ ውስጥ ብክለት የሚያጸዳ ተክል እንዴት ይመረጣል?

የዕፅዋት ማዕከል ለሽርሽርና ለሰርግ ፎቶ ብቻ አይደለም። የተበከለ መሬት ላይ ምን ልትከል ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ቆሞ ይጠብቀዋል።

1. በመጀመሪያ ብክለቱን ይለዩ። የጋራዥ ዘይትን በተክል ሥር ዙሪያ የሚኖሩ ተህዋስያን ቀስ በቀስ ይሰባብሩታል። እንደ እርሳስ፣ ካድሚየም ወይም ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም ያለ ከባድ ብረት ግን አይጠፋም፤ ተክሉ ወይ ሥሩ ላይ ይይዘዋል፣ ወይ ወደ ቅጠሉ ይስበዋል። ስለዚህ ከተለያየ ቦታ አፈር ወስደው በቤተ ሙከራ ያስመርምሩ። ይህን ዘልሎ ችግኝ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

2. ወደ ስብስቡ ይሂዱ። ሕያው ተክል ለማየት ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ የደረቀውን ለማየት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ስብስብ) አለ። ከአበባው ይልቅ መለያ ወረቀቱን ያንብቡ፦ ከየት ተሰበሰበ? በምን ከፍታ? በምን አፈር? ሌላ ተክል ከማይደፍረው አፈር የመጣ ከሆነ ስሙን ይመዝግቡ። የደረቀውን ተክልም መናቅ አይገባም፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሄርባሪየም ውስጥ ከቆዩ ደረቅ ቅጠሎች ቁራጭ እየወሰዱ ኒኬል የተባለውን ብረት የሚያከማቹ ተክሎችን ለይተዋል። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴት በኒው ካሌዶንያ የሚበቅል አንድ ዛፍማ ሲቆረጥ የሚፈሰው ወተት ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፤ ሲደርቅ ሩብ ያህሉ ኒኬል ነው!

3. ለቦታዎ የሚስማማውን ይምረጡ። ጉለሌ ደጋ ነው፤ እዚያ የሚስማማው ሁሉ አቃቂ ላይ አይስማማም። ለፍሳሽ ውሃ ፊላና ደንገል ይሆናሉ። ለተዳፋት መሬት ቬቲቨር ሳር ጥሩ ነው፤ ሥሩ 3 ሜትር ይወርዳል፣ ብረቱንም በአብዛኛው እዚያው ሥሩ ላይ ያስቀረዋል። እንቦጭም ብረት ይስባል፤ ግን ጣናን ያየ ሰው አይሞክረውም። እርሳስ ከአፈር በቀላሉ ስለማይላቀቅ፣ ከመሳብ ይልቅ መሬቱን በሣር ሸፍኖ አቧራውን ማስቆም ይሻላል።

4. በትንሹ ይሞክሩ። የተቆረጡ ጄሪካኖችን በዚያው አፈር ሞልተው ግማሾቹ ላይ ይትከሉ፣ ግማሾቹን ባዶ ይተዉ። ውሃው እኩል ይሁን፤ ከሥር የሚንጠባጠበውንም በሳህን ይቀበሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ አፈሩን፣ ሥሩንና ቅጠሉን ለየብቻ ያስመርምሩ። ባዶው አፈርም እኩል ከቀነሰ ምስጋናው ለተክሉ አይደለም።

5. አጨዳው ላይ ይጠንቀቁ። ብረት የሳበ ቅጠል ራሱ ብክለት ነው፤ ለከብት አይሰጥም፣ አይቃጠልም፣ ኮምፖስት ውስጥም አይገባም። በጓንት አጭደው፣ በጆንያ አስረው፣ የት እንደሚወገድ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮን ይጠይቁ። ሥራው ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያው ድረስ በመደቡ መካከል ጎመንም ሰላጣም አይዝሩ፤ ደጋግመው አስመርምረው ውጤቱ ዝቅ ብሎ እስኪቆይ ድረስ።