የስኳር መለኪያችሁንና ስልካችሁን ማግባባት፦ አዳማ ለምትኖሩ የዓይነት ሁለት ስኳር ታካሚዎች

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ። መለኪያውም ስኳራችሁን የምትመዘግቡበት የስልክ አፕም የሚያውቁት የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ ለክታችሁ 1:00 ብላችሁ ከሞላችሁ፣ አፑ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል፤ ሐኪሙም የሌሊት ስኳራችሁን ያየ ይመስለዋል። መሞላት ያለበት 7:00 ነው። ባትሪ ሲቀየር የአንዳንድ መለኪያዎች ሰዓት ስለሚዛባ ያኔም እዩት።

አፑ ላይ አሃዱን ሚሊግራም በዴሲሊትር አድርጉት። መለኪያው 126 ብሎ ስልኩ 7.0 ካሳየ ማንም አልተሳሳተም፤ ስልኩ በሌላ አሃድ (ሚሊሞል በሊትር) እየተናገረ ነው፣ የስልኩን ቁጥር በ18 አባዙት።

ስትሪፕ (ደም የምታስነኩት የመለኪያው ቀጭን ወረቀት) ውድ ስለሆነ ባሻችሁ ሰዓት አትለኩ፤ ጥንድ ጥንድ አድርጉት። ምሳ ከመብላታችሁ በፊት አንድ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ 2 ሰዓት ቆይቶ አንድ፣ በመሃል ደግሞ የትሪው ፎቶ። በሳምንት ሦስት ቀን እንዲህ ከተደረገ 6 ስትሪፕ ይበቃል። ሁለት እንጀራ በሽሮ የት እንደሚያደርሳችሁ፣ አንዱን ብትቀንሱ ምን እንደሚለወጥ ከምክር ይልቅ ይህ ያሳያችኋል። ሐኪማችሁ ሌላ ካላላችሁ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች የተለመደው ግብ ነው። ኢንሱሊን የምትወስዱ ግን ስንት ጊዜ እንደምትለኩ ሐኪሙ ይወስን።

ብርቱካን የላጠ ጣት ስኳር የሌለበትን ሰው ስኳር ያለበት ያስመስለዋል። በሳሙና ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ የጣቱን ጫፍ ሳይሆን ጎኑን ውጉ።

የአዳማ ሙቀት ሌላው ጣጣ ነው። አብዛኛው ስትሪፕ ከ30 ዲግሪ በላይ አይወድም፤ ባጃጅ ውስጥ ወይም መስኮት ሥር አይቀመጥ። ፍሪጅም መፍትሔ አይደለም፣ እርጥበቱ ያበላሸዋል። ብልቃጡን ወዲያው ክደኑ፣ የተከፈተበትንም ቀን ጻፉበት።

የመድኃኒት አላርም ሲጮህ ክኒኑ ሳይዋጥ አታጥፉት፤ «አሁን እውጣለሁ» ብሎ ያጠፋ ሰው ማታ ላይ መዋጡን አያስታውስም። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ስለሆነ አላርሙ ማዕድ የሚቀርብበት ሰዓት ላይ ይሁን። ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ግን ጾም ሳይገባ ሐኪም አማክሩ፤ ምግቡ ዘግይቶ ክኒኑ በሰዓቱ ከተዋጠ ስኳር ይወርዳል። ከ70 በታች ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ስልኩን 15 ደቂቃ ሙሉና እንደገና ለኩ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥ፤ በፍጥነት ሆስፒታል ይድረስ።

ጣት ሳትወጉ በካሜራ ወይም በእጅ ሰዓት ብቻ ስኳር እለካለሁ የሚልን አትመኑ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በፈረንጆቹ 2024 ስለነዚህ ሰዓቶችና ቀለበቶች አስጠንቅቋል።

ለቀጠሮ ስትሄዱ የሁለት ሳምንቱን ሰንጠረዥ ስክሪንሾት አንሡ፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይከፈታል። መለኪያውንም ያዙ፣ የስልክ ባትሪ ቢያልቅ ቁጥሮቹ እሱ ውስጥ አሉ።