ዶኸርቲ፣ ዳውገርቲ፣ ኦዶኸርቲ፦ አይሪሹን ቅድመ አያት እንዴት እንፈልገው?

ልጄ ከትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሥሩ ተብለናል ብላ መጣች። የእኔን ወገን እናቴ ጋ ደውለን በአስር ደቂቃ ጨረስነው፤ ሰባት ቤት ድረስ ሳትተነፍስ ቆጠረችልን። የባለቤቴ ወገን ግን ሦስተኛው ስም ላይ ቀጥ አለ። ከአየርላንድ በመርከብ መጥቶ ፊላደልፊያ የገባ አንድ ዶኸርቲ የሚባል ሰውዬ አለ፣ ከእሱ በላይ ጨለማ ነው። እኔን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። እናንተን እንዳይፈጅባችሁ የተማርኩትን ልንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

መጀመሪያ፣ ስሙ አንድ ትክክለኛ አጻጻፍ አለው የሚለውን ሐሳብ እርሱት። እኛ ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ፀሐይ የተባለች ሴት ፓስፖርቷ ላይ በ«ቲ»፣ ሌላ ወረቀቷ ላይ በ«ኤስ» ጀምራ ትገኛለች። የእነሱም እንደዚያው ነው። ስሙ የአይሪሽ ቋንቋ፣ ጸሐፊው እንግሊዝኛ የለመደ፣ ባለስሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንበብ የማይችል። ስለዚህ ያው ቤተሰብ አንዱ የሕዝብ ቆጠራ ላይ ዶኸርቲ፣ ቀጣዩ ላይ ዳውገርቲ፣ ሌላ ቦታ ዶከርቲ ይሆናል። «ኦ» የልጅ ልጅ ማለት ነው፣ «ማክ» ደግሞ ልጅ፤ ሁለቱም እንደ ኮፍያ ይወልቃሉ፣ ተመልሰው ይደረጋሉ። አባት ያለ «ኦ» ተቀብሮ ልጁ «ኦ»ውን መልሶ ቢለጥፍ አትደነቁ።

የሚያስቸግሩት የተተረጎሙት ናቸው። ማክጋወን የአንጥረኛ ልጅ ማለት ስለሆነ ስሚዝ ሆኖ ይገኛል። ማክ ኮንሪ የሚለው ስም ደግሞ መጨረሻው «ሪ»፣ ማለትም ንጉሥ፣ ስለመሰላቸው ብቻ ኪንግ ተብሎ ቀረ። የመጀመሪያ ስሞችም እንዲሁ ናቸው፦ ብሪጅት አሜሪካ ስትገባ ዲሊያ ትሆናለች፣ ዲርመድ ጀረማያ ይባላል። እንግዲህ ኢንተርኔት ላይ ያለ መዝገብ ውስጥ ስትፈልጉ የስሙን መጀመሪያ ብቻ ጽፋችሁ ቀሪውን በኮከብ ምልክት ተዉት። እሱም እምቢ ካለ የቤተሰቡን ስም ጨርሶ አውጡትና በባልና ሚስቱ የመጀመሪያ ስም፣ በዕድሜና በከተማ ሞክሩ። እኔ ሰውዬውን ያገኘሁት እንደዚህ ነው።

«ኤሊስ አይላንድ ላይ ስሙን ለወጡበት» የሚላችሁ ዘመድ አይጠፋም። ኤሊስ አይላንድ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ስደተኞች ይመዘገቡበት የነበረ ደሴት ነው፤ እዚያ የነበሩት ሹሞች የሚሠሩት መርከቡ ይዞት በመጣው የተሳፋሪ ዝርዝር ላይ ነበር። ደግሞም ኤሊስ አይላንድ የተከፈተው በ1892 ነው፤ ከ1845ቱ የድንች ረሃብ ሸሽቶ የመጣ ሰው እዚያ ሊመዘገብ አይችልም። የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ከአየርላንድ፣ ከኮርክ የመጣችው አኒ ሙር ነበረች። ለብዙ ዘመን ሰው ሁሉ ቴክሳስ ሄዳ የሞተችው አኒ ሙር እሷ ናት ብሎ ሲያምን ኖሮ፣ በ2006 ሲጣራ የቴክሳሷ ኢሊኖይ የተወለደች ሌላ ሴት ሆና ተገኘች። እውነተኛዋ ከኒውዮርክ አልወጣችም። ስም ስለገጠመ ብቻ ሰውዬውን አገኘሁት የምትሉ ከሆነ ይህችን ሴት አስታውሱ።

ቀጥሎ ቦታው። ካውንቲው፣ ማለትም አውራጃው፣ ብቻ አይበቃም። አየርላንድ ውስጥ ከ60,000 በላይ ታውንላንድ አለ፣ ጎጥ በሉት፤ የምትፈልጉት ያንን ነው። ይህን ደግሞ አየርላንድ ሳይሆን አሜሪካ ፈልጉት፦ የካቶሊክ አጥቢያ የጋብቻ መዝገብ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የቦስተኑ «ፓይለት» ጋዜጣ ከ1831 ጀምሮ ያወጣው የነበረ የጠፋ ዘመድ አፋልጉኝ ማስታወቂያ፣ ኒውዮርክ ከነበሩ ደግሞ የኢሚግራንት ቁጠባ ባንክ መዝገብ። ከ1906 በፊት ያለ የዜግነት ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ «አየርላንድ» ከሚል ቃል በቀር ምንም የለም። የሰውዬው ወረቀት ዝም ካለ የወንድሙን፣ የእህቱን፣ የልጆቹን የክርስትና አባት ወረቀት አገላብጡ። አንድ ሰው ከጎጡ ብቻውን አይሰደድም።

አሁን ዲኤንኤ። ከቤተሰቡ በዕድሜ ትልቁን ሰው አስመርምሩ፣ እናንተን አይደለም። ግን በቅድሚያ ንገሯቸው፤ አባት ነው የተባለው አባት ሳይሆን የሚቀርበት ቤት አለ። አንሴስትሪ የተባለው የምርመራ ኩባንያ ላይ ጀምሩ፣ ብዙ ተመርማሪ ያለው እዚያ ነው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ውጤትም አይቀበልም። «ይህን ያህል በመቶ አይሪሽ» የሚለውን ዕለፉት፣ ለወሬ ነው የሚሆነው። ሥራው ያለው ከእናንተ ጋር ዲኤንኤ የሚጋሩ ሰዎች ዝርዝር ላይ ነው። የእናቴ ሰባት ቤት እዚህ አይሠራም፦ በቅድመ አያት ወላጆች ከሚገናኙ አሥር ጥንዶች አንዱ ያህል ምንም የሚታይ ነገር አይጋራም፣ አንድ ትውልድ ከራቃችሁ ደግሞ ግማሹ ይጠፋል። በቅድመ አያት ወላጆች የሚገናኙት በአማካይ 70 ሴንቲሞርጋን (የዲኤንኤ መለኪያ ነው) ገደማ ይጋራሉ። እኔ ከ40 በታች ያለውን መጀመሪያ ላይ አላየውም። ከዚያ እርስ በርሳቸው የሚዛመዱትን በቡድን ሰብስባችሁ የእያንዳንዱን አያቶች ጎጥ ጎን ለጎን ጻፉ። የቤተሰቡ ስም ቢለያይ ግድ የለም፣ ጎጡ ይገጥማል።

የወንድ መስመሩን ዋይ ምርመራ፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዲኤንኤ የሚያየውን፣ አሠርተን ኤም222 የሚባል ምልክት ወጣልን። ይህ ምልክት የጥንቱ የአየርላንድ ንጉሥ የኒያል ዘር ነው እየተባለ ይወራለታል፤ የባለቤቴ ወንድም ዘውድ ሊጭን ምንም አልቀረውም። ሰሜን ምዕራብ አየርላንድ ግን ሞልቶ የተረፈ ስለሆነ እንደ ማስረጃ ለብቻው ምንም አይነግራችሁም።

ባሕሩን ስትሻገሩ ጉድጓዱን እወቁት። በ1922 ደብሊን ፎር ኮርትስ ውስጥ የነበረው የመዝገብ ቤት ተቃጠለ፣ የ1881 እና የ1891 ቆጠራ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ተፈጭቶ ነበር። የተረፈው የ1901 እና የ1911 ቆጠራ ነው፣ በነፃ ይታያል። ዕድሜውን ግን አትመኑ፦ በ1909 ለ70 ዓመት አዛውንት ጡረታ መከፈል ሲጀምር በአሥር ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ያረጀ ሰው ሞልቷል። የልደት መዝገብ ለሁሉም ሰው የሚጀምረው ከ1864 ነው፤ ከዚያ በፊት ግሪፊዝ የተባለው ከ1847 እስከ 1864 የተሠራ የመሬት ግምት አለ። ዶኔጎል በተባለው የሰሜን ምዕራብ ካውንቲ ውስጥ ኢኒሾወን የዶኸርቲዎች አገር ነው፣ ከአንድ ጎጥ አምስት ጆን ዶኸርቲ ይወጣል። ታዲያ መዝጋቢዎቹ ለመለየት የአባትየውን ስም በቅንፍ አስከትለው ይጽፉ ነበር፤ ጎረቤቱም የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። እዚህ ላይ ሐበሻ መሆን ጠቀመኝ፣ ባለቤቴ ግራ ሲገባት እኔ ወዲያው ገባኝ።

በመጨረሻ ለተዛመዳችሁት ሰው መልእክት ስትጽፉ አጭር አድርጉት፦ የማን ዘር እንደሆናችሁ፣ የምትጋሩት ስንት እንደሆነ፣ አንድ ጥያቄ። የቤተሰቡን ታሪክ በሙሉ የላከ ሰው መልስ አያገኝም። እኛ ሦስት መስመር ልከን ሰባት ወር ጠበቅን። የመጣው መልስ የአንድ ጎጥ ስም ነበር፣ ከሥሩ ደግሞ «አያቴ ስለ ፊላደልፊያው ሰውዬ ታወራ ነበር» ይላል።