ጂኦድን ለይቶ መክፈትና ውስጡን ማንበብ

ከውጭ ተራ ድቡልቡል ድንጋይ የሚመስል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ሆዱ በክሪስታል ተሸፍኖ የሚገኝ ድንጋይ ጂኦድ ይባላል። መዶሻ ከማንሳት በፊት አፈጣጠሩን ማወቅ ይበጃል።

መነሻው ክፍተት ነው። ላቫ ሲቀዘቅዝ የታፈነው ጋዝ አረፋውን ትቶ ያልፋል፤ በደቡብ ብራዚል ባዝልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሚሠራው ጥቁር ዐለት) ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ጂኦዶች የሚገኙት ከዚህ የተነሣ ነው። በአሜሪካ፣ በኬዮከክ ከተማ አካባቢ ያሉት ግን በጥንታዊ ባሕር ደለል ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው። ሲሊካ (የኳርትዝና የአብዛኛው አሸዋ ማዕድናዊ ንጥረ ነገር) ያሟሟ ውኃ በስንጥቆች እየሰረገ ወደ ክፍተቱ ሲገባ ማዕድኑን በግድግዳው ላይ ይተዋል፤ ክሪስታሉም ባዶ ቦታ ወዳለበት ወደ መሃል ያድጋል።

በመጀመሪያ ክብ፣ ገጹ እንደ አበባ ጎመን የጎረበጠና ከመጠኑ አንጻር ቀለል የሚል ድንጋይ ይምረጡ። ከባድ ከሆነ ውስጡ ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ በብሩሽ አጥበው፣ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርገው፣ ድንጋዩን በአሸዋ ላይ ያስቀምጡት። የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ እርጥብ ይሁን። ከዚያ መሮውን በወገቡ ላይ አሳርፈው በመዶሻ ቀስ ብለው ይምቱ፤ ጥቂት አዙረው እንደገና ይምቱ። ዙሪያውን ቀጭን መስመር እስኪይዝ ድረስ ይደጋግሙት። በአንድ ብርቱ ምት ለመክፈት መሞከር ግን ክሪስታሉን ያደቅቀዋል፤ ትዕግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የምቱ ድምፅ ከጥርት ወደ ድፍን ሲለወጥ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ዘልቋልና ሊለያይ ተቃርቧል።

ሲከፈት ከጠርዝ ወደ መሃል ይመልከቱት። ብዙ ጊዜ ዳር ላይ ያለው ቀጭን ንብርብር ኬልቄዶን፣ ማለትም ክሪስታሎቹ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ኳርትዝ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ባለ ስድስት ገጽታ የኳርትዝ ክሪስታል ሹል ጫፉን ወደ ውስጥ አድርጎ ይቆማል። ሐምራዊ ከሆነ በራእየ ዮሐንስ አሥራ ሁለተኛው የመሠረት ዕንቁ ተብሎ የተጠራው አሜቴስጢኖስ ነው፤ ቀለሙን ያገኘው በውስጡ ካለው ጥቂት ብረትና ከአካባቢው ዐለት ከሚወጣ የተፈጥሮ ጨረር ነው። ነጩን ኳርትዝ ከካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) ለመለየት በተሰበረ ቅንጣት ብርጭቆ ይጫሩ፦ ኳርትዝ ይጭራል፣ ካልሳይት አይጭርም። አሜቴስጢኖስ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት፤ ሐምራዊነቱ ይደበዝዛል።